ኖራ፣ ሲሚንቶና ግራፊክስ ካርድ

ኅዳር 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ማታ ነው፤ የቁስቋም ማርያም ዋዜማ። የጽጌ ጾም ሊፈታ አንድ ሌሊት ቀርቶታል። በዚህ ሰሞን ሰፈራችን ከውጭ የመጣ እንግዳ አያጣም። እንግዳ ካለ ሻንጣ አለ፤ ሻንጣ ካለ ለእኔ ሥራ አለ። ጎረቤታችን እትዬ አንድ ነገር በጋቢ ጠቅልለው፣ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ደጄን አንኳኩ።

«አንተ፣ እስቲ ይኼን እየው። ልጄ ካሜሪካ ተሸክሞት መጣ። ይኼ ልጅ እሱን ካየ ጀምሮ እህል አልቀመሰልኝም።»

ጋቢውን ገለጥኩት። ግማሽ ስንዝር የሚያህል ውፍረት ያለው፣ እንደ መጽሐፍ ቆሞ የሚቀመጥ ጥቁር ሣጥን ነው። ስሙን አውቀዋለሁ፤ በአካል ሳገኘው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። አሌንዌር ኤክስ51። አሌንዌር እ.ኤ.አ. በ1996 ማያሚ ውስጥ የተመሠረተ፣ በ2006 ዴል የጠቀለለው የጨዋታ ኮምፒውተር ሠሪ ነው። ይህን ሞዴል ያወጣው በ2012 መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን አጠገብ እንዲቀመጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ክብደቱ 6 ኪሎ አይሞላም። ከልብስና ከሽቶ ጋር ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ጎንደር የደረሰውም ለዚህ ነው።

ልጁ ቆሞ መጠበቅ አልቻለም። «ጋሼ፣ ለዚህ አሪፉ ግራፊክስ ካርድ የትኛው ነው?»

«ካርዱን ለጊዜው ተወው» አልኩት። «መጀመሪያ ሣጥኑን እንጠይቀው።»

ይህን መልስ ያስተማረኝ ኮምፒውተር አይደለም። አባቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ ግንበኛ ነበር።

ከግንቡ ሥር

እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ግርግር ራቅ ብለው፣ በስተሰሜን ምዕራብ ካለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ። ስሙ የመጣው ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብጹ ቁስቋም ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት፣ ዙሪያውን ግንብ፤ ሁሉም በድንጋይና በኖራ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ያረፈው እዚሁ እቴጌይቱ ዘንድ ነበር፤ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ልጆችም እዚሁ አከመ። ከእሱ ጋር የመጣው ዕቃ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቴሌስኮፕ ነበረው፤ የኮከብን ከፍታ የሚለካበት ከባድ ኳድራንትም ነበረው። ያን ሁሉ ከምጽዋ ጀምሮ በሰው ትከሻና በከብት ጀርባ ተራራ አሻግሮ አመጣው። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ረቂቅ ዕቃ ለቁስቋም አዲስ ነገር አይደለም ማለቴ ነው።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ቁስቋምም ተቃጠለች። ቤተ ክርስቲያኗ ኋላ በቦታዋ ተሠራች፤ የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ግን ጣሪያውን እንዳጣ ቆሞ ቀረ። ልጅ ሳለሁ አባቴ እዚያ ይወስደኝና በጥፍሩ የድንጋዩን መጋጠሚያ ይፍቅ ነበር። ነጭ ዱቄት ይረግፋል። «ይኼ ኖራ ነው» ይለኛል። «ለስላሳ ነው፤ ውኃ ቢጠጣ መልሶ ይተፋል።» ከዚያ ከተማ ወርደን ፋሲል ግቢ ስንደርስ ደግሞ ስለ ሌላ ነገር ያወራኛል። በጣሊያን ዘመን ግንቦቹ ሲጠገኑ ሲሚንቶና ብረት የገባበት ኮንክሪት ገብቶባቸው ነበር። ሲሚንቶ ከኖራ ይጠነክራል። ችግሩ ያ ነው። ዝናብ ግንቡ ውስጥ ሲሰርግ በኖራው በኩል ይተንናል፤ ሲሚንቶው ግን ይዘጋበታል። መውጫ ያጣ ውኃ ድንጋዩን ይበላዋል። መጠገኛው ተርፎ የተጠገነው ይፈርሳል። ኋላ ያን ሲሚንቶ እያነሡ በኖራ የተኩት በዚህ ምክንያት ነው። ፋሲል ግቢም ቁስቋምም ሌሎቹም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት አንድ ላይ ሲመዘገቡ፣ የአባቴ ትውልድ ግንበኞች ይህን ትምህርት ጨርሰውት ነበር።

«አሮጌ ቤት ስትጠግን» ይላል አባቴ፣ «ያለህን ጠንካራ ነገር ሁሉ አትስጠው። የሚችለውን ጠይቀው።»

የእኔ ሞያ ሌላ ሆነ። ያ ቃል ግን በየሣጥኑ ውስጥ ተከትሎኛል።

ቡኒው ቀዳዳ

ሥራ የጀመርኩት በ1993 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ፣ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩን፤ ሁለቱም ዊንዶውስ 98 የጫኑ፣ ፓወር ግእዝ የተጫነባቸው። ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እንጽፍባቸዋለን። መሣሪያዎቻችንን የምንጠራው ጣሊያን ትቶልን በሄደው ቋንቋ ነበር፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ። የተቀመጥንበት ሰፈር ስሙ ራሱ ፒያሳ አይደል!

ጨዋታ የነበረው ሌላ ቦታ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤቶች በየቀበሌው ተከፍተው፣ ልጆች በየጨዋታው እየከፈሉ ኳስ ይጋጠማሉ። ኮምፒውተር የሥራ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ሲወጣ ካርታ ከመደርደር በስተቀር ማንም አይጫወትበትም። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን «ቫይስ ሲቲ» የተባለው የመኪናና የወንበዴ ጨዋታ ለኮምፒውተር ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ በተቀዳ ሲዲ እኛ ጋ ደረሰ። ጨዋታው 32 ሜጋባይት የሆነ ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል። የእኛዎቹ ማሽኖች ካርድ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ምስሉን የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቺፕ ነው፤ እሱም ትውስታውን ከራም እየተበደረ። ጨዋታው ተከፈተ፤ ሰውየው እንደ ሐውልት ቆመ፤ መኪናው በደቂቃ አንድ ክንድ ሄደ።

ያኔ ነው ካርድ ፍለጋ የገባሁት። አንድ ዘመዴ ከአዲስ አበባ ያገለገለ «ጂፎርስ 4 ኤምኤክስ 440» ገዝቶ ላከልኝ፤ 64 ሜጋባይት። የወር ደመወዜን በላው። ሣጥኑን ከፈትኩ፤ የሚገባበትን ቀዳዳ ፈለግሁ። ካርዱ የሚፈልገው ኤጂፒ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ለግራፊክስ ብቻ ተብሎ የመጣውን ቡኒ ቀዳዳ ነው። እኛ ጋ ያሉት ሦስት ነጭ ቀዳዳዎች ናቸው። ነጮቹ ፒሲአይ ናቸው፤ ለድምፅ፣ ለኔትወርክ፣ ለምንም ይሆናሉ፤ ለዚህ ካርድ ግን አይሆኑም። የቦርዱ ቺፕ ኢንቴል 810 ነበር። 810 ከውጭ የኤጂፒ ካርድ እንዲቀበል ሆኖ አልተሠራም። በርካሽ እንዲሸጥ ተብሎ በሩን ከነመቃኑ ትተውበታል።

ካርዱ ስምንት ወር ሙሉ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ተኛ። በመጨረሻ አንድ ደንበኛ ቡኒ ቀዳዳ ያለው ማሽን ይዞ መጣ፤ ለእሱ ሸጥኩለት። ስገጥመው ደግሞ ስክሪኑ ጨለመብኝ። ግማሽ ቀን ራም ነቅዬ መለስኩ፣ ካርዱን በላጲስ አሸሁ፤ ለካ የሞኒተሩን ገመድ የሰካሁት አሮጌው የቦርዱ መውጫ ላይ ነው። አዲሱ ካርድ በጓሮ በር ምስሉን ያወጣል፤ እኔ ፊት ለፊት ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ዛሬም ድረስ «ካርድ ቀየርኩ፤ አልሠራ አለ» ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማየው ገመዱን ነው።

ሌላም አጠፋሁ። ከአሜሪካ የመጣ ዴስክቶፕ ነበር፤ በስተኋላው፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ ጥፍር የምታህል ቀይ ማብሪያ አለች። አንዱ ወገን 115፣ ሌላው 230 ይላል። አላየኋትም። 115 ላይ እንዳለች የኛን 220 ቮልት ሰጠሁት። ጧ! አለ፤ ጭስ ወጣ፤ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የመጡ ሰዎች በር ለበር ተጋፉ። የፓወር ሰፕላዩን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። አባቴ ማታ ሰምቶ ሳቀ። «አልጠየቅኸውማ!» አለኝ።

አንድ መምህር፣ ብዙ ተማሪ

ግራፊክስ ካርድ ምን እንደሚሠራ ለሰው ለማስረዳት የተቸገርኩት ለረጅም ጊዜ ነው። አሁን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ አሳያለሁ። ቀና ብላችሁ የመላእክቱን ፊት ተመልከቱ፤ ረድፍ በረድፍ፣ ዓይን ብቻ። አንድ ሊቅ ሠዓሊ ብቻውን ቢሠራው ፊት በፊት ሲል ዓመት ይፈጃል። ንድፉን ሰጥቶ ለመቶ ተማሪ አንዳንድ ፊት ቢያካፍል ግን ሁሉም አንድ ላይ ይጨርሳሉ። ተማሪው ቅኔ አይቆጥር፣ ድጓ አይዘልቅ፤ አንድ ፊት ማቅለም ግን ይችላል። ሊቁ ፕሮሰሰሩ ነው። ተማሪዎቹ ካርዱ ውስጥ ናቸው።

ጣሪያው ደግሞ ትልቅ ነው። ተራ የቴሌቪዥን ስክሪን በወርድ 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። ጨዋታው እንዳይንቀራፈፍ ያ ሁሉ ነጥብ በሰከንድ 60 ጊዜ እንደ አዲስ መቀባት አለበት። በሰከንድ ወደ 124 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። ይህን ለሊቁ ብቻ ብትሰጡት እንደኛ «ቫይስ ሲቲ» ቆሞ ይቀራል።

ሰዎች ይህን ዘዴ ለጨዋታ ብለው ነው ያሳደጉት። እ.ኤ.አ. በ1996 የ3ዲኤፍኤክስ «ቩዱ» ካርድ ወጣ፤ በ1999 ደግሞ ኤንቪዲያ «ጂፎርስ 256»ን አውጥቶ የዓለም የመጀመሪያው ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ነው አለ። ብዙም ሳይቆይ 3ዲኤፍኤክስ ከስሮ ንብረቱን ኤንቪዲያ ገዛው። በ2004 ደግሞ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ገበያ ገባና ቡኒውን ቀዳዳ አስረሳው። ለእኔ ትልቁ ለውጥ የዚህ ቀዳዳ ሕግ ነው፤ ካርዱ ከቀዳዳው ብቻ እስከ 75 ዋት መውሰድ ይችላል። ከዚያ በላይ የሚበላ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ የተለየ ገመድ ይጠይቃል፤ ባለ ስድስት ቀዳዳው 75፣ ባለ ስምንቱ 150 ዋት ይጨምርለታል።

ይህች 75 ቁጥር የሞያችን ማዕከል ሆነች። ምክንያቱም በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ ጎንደርን የሞሉት ማሽኖች በአውሮፓና በዓረብ አገር ቢሮዎች አገልግለው፣ በዱባይና በመርካቶ በኩል የመጡ ዴስክቶፖች ናቸው። ከማራኪና ከቴዎድሮስ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገንዘብ እያዋጡ አንድ ማሽን ለአንድ ዶርም ይገዛሉ፤ ቀን ለጥናት፣ ማታ ለጨዋታ። እነዚህ ማሽኖች ጽኑ ናቸው፤ ግን ለቢሮ የተሠሩ ናቸው። የአንዳንዶቹ ፓወር ሰፕላይ 250 ዋት እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ለካርድ የተረፈ ገመድ የላቸውም፤ የፓወር ሰፕላዩም ሶኬት የፋብሪካው የራሱ ስለሆነ ከገበያ ሌላ ገዝታችሁ አትቀይሩትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤንቪዲያ 60 ዋት ብቻ የሚበላውን «ጂቲኤክስ 750 ቲአይ» ሲያወጣ በዓለም ላይ ያሉ ሀብታም ተጫዋቾች ብዙም አልደነቃቸውም። ለእኛ ግን ኖራ ተገኘ። ያለ ምንም ተጨማሪ ገመድ ቀዳዳው ላይ ሰክቶ ክዳኑን መግጠም ነው።

170

ወደ እትዬ ልጅ ሣጥን ልመለስ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ከፈትነው። የኤክስ51 ፓወር ሰፕላይ ሣጥኑ ውስጥ የለም፤ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ከውጭ ነው፣ መጠኑ ግን ጡብ ያህላል። ጀርባውን ገልብጬ አነበብኩ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ቀይ ማብሪያ የለም፤ አቅሙ 240 ዋት። «ይኼን ቁጥር ጻፍ» አልኩት ልጁን። በሱቁ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈ።

ጎኑን ስናነሣ በአሥር ዓመት የተጠራቀመ የሰው አገር አቧራ ጥጥ መስሎ ወጣ። ካርዱ እንደ ሌላው ማሽን ቦርዱ ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ሣጥኑ ቀጭን ስለሆነ በአንዲት መሸጋገሪያ ሰሌዳ በኩል ወደ ጎን ተኝቶ ይገጠማል። ሁለት ብሎን ፈታሁ፤ ባለ ስድስቱን ገመድ ነቀልኩ፤ ካርዱን ሳብኩት። «ጂቲኤክስ 545» ነው፤ 144 ተማሪ፣ 105 ዋት። ፕሮሰሰሩ «ኮር አይ3»፤ ሁለት ሊቅ፣ 65 ዋት። ልጁ ደመረ፤ 170። የቀረውን ሃርድ ዲስኩ፣ ራሙ፣ ማራገቢያው ይካፈሉታል፤ የተወሰነውም ለመተንፈሻ ይቀራል።

ልጁ በስልኩ ብዙ አንብቦ ነበር የመጣው። በእነሱ አቆጣጠር በዚያው ዓመት ጥር የወጣውን «አርኤክስ 6400» ይፈልጋል። አዲስ ነው፤ 53 ዋት ብቻ ነው የሚበላው። በወረቀት ላይ ከእሱ የተሻለ የለም። መንገዱን ግን አላየም። ፒሲአይ ኤክስፕረስ እንደ አስፋልት ረድፍ አለው፤ ሙሉው ቀዳዳ 16 ረድፍ ነው። ይህ ካርድ የሚጠቀመው አራቱን ብቻ ነው፤ አዲሱ አራተኛ ትውልድ መንገድ ላይ ፈጣን ስለሆነ አራት ይበቃዋል። የእኛ ሣጥን መንገድ ግን ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ አንዱ ረድፍ የአዲሱን ሩብ ብቻ ያሳልፋል። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ አራት መኪና ጎን ለጎን አስኪዱ እንደ ማለት ነው።

«ታዲያ አዲሱ ከአሮጌው ሊያንስ ነው?» አለኝ፤ ተናዶ።

«እዚህ ቤት ውስጥ፣ አዎ።»

የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ነው። 768 ተማሪ፣ 4 ጊጋባይት ትውስታ፣ 16ቱንም ረድፍ ይጠቀማል፣ የሚበላው 75 ዋት። ከአሮጌው ካርድ አምስት እጥፍ ተማሪ ይዞ በ30 ዋት ያነሰ ይበላል። ተአምር አይደለም፤ የቺፑ ቅንጣቶች በስድስት ዓመት ውስጥ ከ40 ናኖ ሜትር ደረጃ ወደ 14 አነሱ። ትንሽ ቅንጣት ትንሽ ኤሌክትሪክ ይበቃዋል።

ጊዜውም ሠመረልን። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ካርድ መግዛት የማይታሰብ ነበር፤ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ የሚቆፍሩ ሰዎች የዓለምን ገበያ ጠርገውት ነበር። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢቴሪየም አሠራሩን ቀይሮ ቁፋሮውን አቆመ፤ ያገለገሉ ካርዶች ገበያ ላይ ፈሰሱ። የእኛው ከአዲስ አበባ በአንድ ደህና ሙክት ዋጋ ተገኝቶ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ደረሰ።

ከመግጠሜ በፊት ፈታሁት። ያገለገለ ካርድ ሁሌም እፈታለሁ። ቺፑና ማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በአልኮልና በጥጥ ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፤ የሽምብራ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ አይበልጥም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይልቃል፤ ብርዱ ለማሽን ጥሩ ነው፤ አየሩ ግን በባሕር ወለል ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ላይ አልሰንፍም። ካርዱን ሰካሁ፤ ያ ባለ ስድስት ገመድ ሥራ ፈታ፤ ከሣጥኑ ጎን ጋር አሰርኩት። ዊንዶውስ 7ን አውርጄ 10 ጫንኩ። ድራይቨሩን ማውረድ ሌሊቱን ፈጀ።

ካርዱ በተገጠመ ማግሥት፣ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ሠራ። ልጁ ግን ሦስተኛው ቀን ላይ መጣ። ሰው የሚበዛበት ቦታ ሲደርስ ጨዋታው ይንቀራፈፋል አለ። አየሁት፤ ተማሪዎቹ ሥራ ፈተው ይጠብቃሉ፤ ንድፍ የሚያድሉት ሁለቱ ሊቃውንት አልደረሱላቸውም። ሱቄ ውስጥ ማዘርቦርዱ የሞተ የቢሮ ዴስክቶፕ ነበር፤ ውስጡ «አይ5 2400»፣ የዚያው ዘመን፣ የዚያው ሶኬት፣ አራት ሊቅ፤ 95 ዋት።

ልጁ ደረሰኙን ከኪሱ አወጣ። 95 ጻፈ፣ ከሥሩ 75 ጻፈ፣ ደመረ። ዝም ብሎ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። 170።

ሣጥኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሸከመውን ያህል ነው፤ አንድ ዋት አልጨመርንበትም። ካርዱ የቆጠበውን ፕሮሰሰሩ በላው። እንደ አባቴ ኖራ፣ ግድግዳው የገባበትን አላወቀም።

ከዚያ ወዲህ

እኛ ጠረጴዛ ላይ ይህን ስንደምር የካርድ ታሪክ ከጨዋታ ወጥቶ ነበር። ኤክስ51 በወጣበት በ2012 ዓመት፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ካናዳ ቶሮንቶ ላይ ሦስት ተመራማሪዎች ሁለት የጨዋታ ካርዶች፣ ሁለት «ጂቲኤክስ 580»፣ ተጠቅመው ኮምፒውተር ሥዕል እንዲለይ አስተማሩ፤ ውድድሩንም በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ሁሉ ያን መንገድ ተከትሏል። አሁን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ተማሪዎች ካርድ ሲጠይቁኝ ለምን እንደሆነ አልገምትም፤ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ግን ያው ነው። ሣጥኑ ስንት ዋት ይችላል? መንገዱ ስንተኛ ትውልድ ነው? ክዳኑ ይገጥማል?

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሰፈሩ ልጆች ስልክ ላይ ያለ ጨዋታ ሁሉ ቀረ። የእትዬ ቤት ሣጥን ግን ኢንተርኔት አትፈልግም። ማታ ማታ ከቤት በማይወጣበት በዚያ ወቅት ጎረቤት ለጎረቤት በአጥር እየዘለሉ ተሰበሰቡባት። ድራይቨር ከአዲስ አበባ በፍላሽ እየተላከ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞርበት ጊዜ ነበር፤ እኔ የጀመርኩበት የሲዲ ዘመን ተመልሶ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ የካርድ ዋጋ ከሙክት ወደ በሬ ተሸጋገረ። አሮጌውን ጠይቆ መጠገን ምርጫ ከመሆን ወጣ።

ልጁ አሁን አድጓል። ዓምና ሌላ ካርድ እንድጨምርለት ለመነኝ። አይሆንም አልኩት፤ 170 ሞልቷል፤ ከዚህ በላይ ሲሚንቶ ነው። ተቀየመኝ፤ ሁለት ወር ሰላምታ ነሣኝ፤ ኋላ ላፕቶፕ ገዛ። ያ 545 እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። 105 ዋትና የተለየ ገመድ የሚችል ሣጥን ሰው ካለው ደግሞ 144 ተማሪ አይፈልግም።

ኤክስ51 ለእትዬ ቀረች። ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁላቸው፤ ልጃቸው ከአሜሪካ የሚልክላቸውን መዝሙርና የሠርግ ቪዲዮ ያዩባታል። እኔ በየዓመቱ በጥቅምት መጨረሻ፣ ቁስቋም ከመድረሷ በፊት ሄጄ አቧራዋን አጸዳለሁ። ዘንድሮ ክዳኑን ከፍቼ በቡርሽ ስጠርግ እትዬ ቡና እየቆሉ ያዩኛል።

«በየዓመቱ ትከፍታታለህ» አሉኝ። «ምን ጨመርክባት?»

«ምንም አልጨመርኩም፣ እትዬ። በመጣችበት ናት።»

«አሁን እንዳትጨምርባት!» አሉ። «ለእኔ በቅታኛለች።»

768ቱ ተማሪዎች ለአንዲት ዘማሪ ምስል ተሰልፈው፣ አብዛኞቹ ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል። ክዳኑን ገጠምኩና ቡናው አጠገብ ተቀመጥኩ።